ማሲንቆና ቫዮሊን በአውቶቡስ ተራ ይገናኙ

ኪነ ጥበብ ሁለት ዓይነት ጠላት አለባት። አንደኛው ከእንግዳ ጋር እንዳትነጋገር በሯን የሚዘጋባት ነው፤ ሁለተኛው ለመጣው ሁሉ በሯን ወለል አድርጎ የቤቷን ዕቃ የሚያስዘርፍባት ነው። በሙዚቃችን ዙሪያ እነዚህ ሁለት ወገኖች ለረጅም ዘመን ሲሟገቱ ኖረዋል። የመጀመሪያው ወገን ቫዮሊን ሲያይ «የፈረንጅ ነው» ይላል፤ ጃዝ ሲሰማም «የሆቴል ቤት ጫጫታ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ማሲንቆን በኤሌክትሪክ ምት ላይ እንደ ጌጥ ሰቅሎ «አዘመንኋት» ሲል ይፎክራል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ይቃወማል።

የምንከራከረው ስለ አንድ ቁርጥ ያለ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ያፈራው፣ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ያሉበት የአራት ሰዎች ጓድ፣ በተለመደው አጠራሩ ስትሪንግ ኳርቴት፣ ከጃዝ የፈጠራ ነፃነት ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ሊጫወት ይችላል፤ ሊጫወትም ይገባዋል። ስፍራውም ምንጣፍ የተነጠፈበት የሆቴል አዳራሽ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ይህ ሙዚቃ አውቶቡስ ተራ መድረስ አለበት።

ለምን አውቶቡስ ተራ?

መርካቶ ዛሬ ባለችበት ስፍራ የተደራጀችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የከተማውን ዋና ገበያ ከአራዳ ነቅሎ የአገሬውን ሰው ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ስፍራውንም «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» በሚል ስም ጠራው። ስሙ የመናቅ ስም ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ሕዝቡ ከዚያ ረጅም ስም ውስጥ የሚጠቅመውን አንድ ቃል ብቻ አስቀረ። «መርካቶ» የሚለውን የጣሊያን ቃል ወስዶ በራሱ አንደበት አርሞ የራሱ አደረገው። ዛሬ ከሐረርም ይምጣ ከነቀምት ይህን ቃል ባዕድ ነው የሚል ነጋዴ አይገኝም።

በዚያው ገበያ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባል ትልቅ ትምህርት ቤት አለ። ትምህርት ቤት የምለው በከንቱ አይደለም። ከባሕር ማዶ የመጣ የዘይት በርሜል እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያረጀ የመኪና ጎማ ተቀዶ በረባሶ ጫማ ይሆናል። ብረቱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ምድጃው ይነድዳል ወይ፣ ጫማው ድንጋይ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ስለ ባህል ንጽሕና በየስብሰባው የሚሟገቱ ወገኖች አንድ ማለዳ ምን አለሽ ተራ ውለው ቢመለሱ ብዙ ወረቀት በተረፈ ነበር።

አውቶቡስ ተራ ደግሞ የዚህ ሁሉ መግቢያና መውጫ በር ነው። ከጊዜ ወዲህ ከፊሎቹ መሥመሮች ወደ ላምበረት፣ ወደ ቃሊቲና ወደ ሌሎች መናኸሪያዎች ቢዛወሩም፣ የአገር አቋራጭ መንገደኛ በኅሊናው የሚያውቀው ዋናው በር ይኸው ነው። ገና ሳይነጋ የረዳቱ ጥሪ ይሰማል፤ የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የጎንደሩ፣ የጅማው፣ የወለጋው ሰው ጓዙን ይዞ ይቆማል። ባቲና አምባሰል የቅኝት መጠሪያ ብቻ አይደሉም፤ የወሎ አገር ስሞች ናቸውና በአውቶቡስ ተሳፍሮ ይደረስባቸዋል። እንግዲህ የኢትዮጵያን ቅኝት የሚጫወት ጓድ፣ ቅኝቶቹ ከተወለዱበት አገር የመጣውና ወደዚያው የሚመለሰው ሕዝብ ከሚቆምበት ስፍራ የተሻለ ፈታኝ የት ያገኛል? በሆቴል አዳራሽ ያለ ተመልካች በጨዋነት ያጨበጭባል። የወሎ ሰው ግን አምባሰል ሲበላሽበት ወዲያው ያውቃል፤ ፊቱም ይናገራል።

ክሮቹ ምን ይላሉ?

«የፈረንጅ ነው» ለሚለው ወገን መልስ የምንሰጠው በስሜት ሳይሆን በመሣሪያዎቹ አሠራር ነው።

ማሲንቆ ከእንጨት የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ገበቴ አላት፤ ገበቴዋ በቆዳ ይለበጣል። ክሯ አንድ ሲሆን ከፈረስ ጭራ ይጎነጎናል። ደጋኗም የሚወጠረው በፈረስ ጭራ ነው። የቫዮሊን ደጋንስ? እርሱም በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። ማሲንቆ በአንገቷ ላይ ጣት የሚመራ ብረት የላትም፤ ተጫዋቹ ድምፁን የሚያገኘው በጆሮው ተመርቶ ክሩን በጣቱ ዳስሶ ነው። ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎም እንደ ጊታር አንገታቸውን የሚከፋፍል ብረት የላቸውም፤ ተጫዋቹ ጣቱን የፀጉር ስፋት ያህል ወዲህና ወዲያ በማድረግ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ያንሸራትተዋል፤ ያስለቅሰዋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፒያኖና የኤሌክትሪክ ኪቦርድ አሥራ ሁለቱን ድምፆች በእኩል ርቀት ከፋፍለው ቆልፈዋቸዋል። የክራር ደርዳሪውና የአዝማሪው ድምፅ ግን በዚያ ቁልፍ ውስጥ ሁልጊዜ አይገባም፤ አንዳንዱ ድምፅ ከኪቦርዱ ድምፅ ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ከአውሮፓ የሙዚቃ ጓዶች ሁሉ ለቅኝቶቻችን በአፈጣጠሩ የሚቀርበው፣ ሳንጠይቀው ቤታችን የገባው ኪቦርድ ሳይሆን ስትሪንግ ኳርቴት ነው። «ባዕድ» ብለን ያስወጣነው ዘመዳችንን፣ «ዘመናዊ» ብለን ያስገባነው ባዕዱን ሆኖ ተገኝቷል።

ሌላም አስደናቂ ነገር አለ። የቪዮላና የቼሎ አራት ክሮች ጣት ሳይነካቸው ሲመቱ ዶ፣ ሶል፣ ሬና ላ ይላሉ፤ የቫዮሊን አራት ክሮች ደግሞ ሶል፣ ሬ፣ ላና ሚ ይላሉ። የአራቱን መሣሪያዎች ባዶ ክሮች ሰብስበን በተራ ብናስቀምጣቸው የምናገኘው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ይህ ምንድን ነው? የሙዚቃ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የትዝታ ሙሉ ቅኝት ነው! አራት ሰዎች ተቀምጠው፣ አንዲት ጣት ሳያሳርፉ፣ ባዶ ክሮቻቸውን በደጋን ቢዳስሱ አምስቱን የትዝታ ድምፆች ያሰማሉ። ይህን የምናነሣው አውሮፓውያን ቅኝታችንን ወሰዱ ለማለት አይደለም፤ መሣሪያዎቹ የተቃኙት በራሳቸው ሥርዓት ነው። የምንለው፣ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤቶች እንደ ሆኑ ክሮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ ነው።

ለዚህ ጉርብትና ከሩቅም ምስክር አለ። የቦሄሚያው አቀናባሪ ድቮርዣክ እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ ሳለ የጻፈው ታዋቂ ኳርቴት የሚከፈተው በቪዮላ በሚወጣ ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ነው። የሃንጋሪው ባርቶክም የገበሬዎችን ዜማ በሸክላ መቅረጫ ከየመንደሩ ሲለቅም ኖሮ፣ በ1909 እና በ1939 መካከል ባሉት ዓመታት ስድስት ኳርቴቶችን ጽፏል። ኳርቴትን የቤተ መንግሥት ጌጥ አድርጎ የሚያይ ሰው የባርቶክን ጭቃ የነካ ጫማ ያስታውስ።

ነሐሱ እንዴት አገሬው ሆነ?

«የእኛ ሕዝብ የክር ሙዚቃ አይወድም» የሚል መከራከሪያም ይሰማል። ይህን የሚሉ ሰዎች ታሪክ ይጠየቁ።

ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች አዲስ አበባ ሲገቡ ለሕዝቡ ፍጹም እንግዳ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ አርባ ልጆች በመባል የሚታወቁት ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ሲነፉም እንዲሁ። ቀጥሎ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ። በኋላም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የራሱን ኦርኬስትራ አቋቋመ፤ በዚያም ነርሰስ ናልባንዲያን ብዙ ተማሪዎችን አፈራ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጌታቸው መኩሪያ ተነሥቶ የአርበኛውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን አስገሣው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያርፍ ሳክስፎንን ባዕድ ነው የሚል ሰው አልነበረም። ቤልጂጋዊ የፈለሰፈው መሣሪያ የኢትዮጵያዊ አርበኛ ጉሮሮ ሆኖ ነበርና።

ነሐሱ እንዴት ይህን አገኘ? ሕዝቡ ከክር ይልቅ ነሐስ ወዶ ነውን? ሕዝብስ ከማሲንቆ፣ ከክራርና ከበገና ጋር የኖረ አይደለምን? ምስጢሩ ሌላ ነው። ነሐሱ ካምፕ ነበረው፤ ደመወዝ ነበረው፤ ልብስ ነበረው፤ በየዕለቱ የሚለማመድበት አዳራሽና የሚያዝዘው አለቃ ነበረው። ክሩ ይህ አልነበረውም። ቫዮሊን ተምሮ የወጣ ወጣት አራት ሆኖ ተቀምጦ ዓመት ከዓመት የሚለማመድበት ቤት አላገኘም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጣዕም ልዩነት ሳይሆን የተቋም ልዩነት ነው። ጣዕም የተቋም ልጅ ነው። ሕዝብ የሚወደው የሰማውን ነው፤ የሚሰማውም ሊያሰማው የተቀጠረ ሰው ሲኖር ነው።

የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ግብፃዊው አቀናባሪ ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያቋቁመው፣ በልማድ ለየብቻቸው የሚጫወቱትን ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ አስቀምጦ እርስ በርስ እንዲደማመጡ አደረገ። በኋላም ተስፋዬ ለማ መራው፤ ማሲንቆን የሚያናግረው ጌታመሳይ አበበም ከዚህ ጓድ ነበር። በ1975 ሲበተን የተበተነው ጥበቡ አልነበረም፤ የሚያኖረው ቤት ነበር።

«ተቀበል!»

ጃዝስ? ጃዝ የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ከባርነት ማግሥት፣ በእርሻውና በቤተ ክርስቲያኑ ያዜመውን በባዕድ መሣሪያ ላይ አሳድሮ የፈጠረው ጥበብ ነው። መሣሪያው የጌታው ነበር፤ ድምፁ ግን የእርሱ ሆነ። የጃዝ ልብ ቅጽበታዊ ፈጠራ ነው፤ ተጫዋቹ የታወቀ ዜማ ይዞ በተመልካቹ ፊት አዲስ ነገር ይወልዳል፤ ሌላው ይመልስለታል።

ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው ያንኑ ስንኝ ከማሲንቆው ጋር አዋዶ፣ በራሱ ቅመም አጣፍጦ መልሶ ሲሰጥ የምናየው ምንድን ነው? ሰሙን አንሥቶ ወርቁን በቅጽበት መቅለጥ ምንድን ነው? አዝማሪ የሚለውን ስም ስድብ ያደረገው ያለፈው ሥርዓት ንቀት ነው እንጂ፣ ችሎታው በዓለም ከሚደነቁት የፈጠራ ችሎታዎች የሚያንስ አይደለም።

እዚህ ላይ ለክላሲካሉ ወገንም እውነቱን መናገር ይገባል። ኳርቴት ከወረቀት ላይ ብቻ ሲነበብ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም «ተቀበል» ነው። ጃዝ ይህን ይመልስለታል። በአንጻሩ የተጻፈ ሙዚቃ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከቅዱስ ያሬድ በወረሰው ዜማ ላይ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንዳስቀመጡለት የሊቃውንቱ ታሪክ ይናገራል። ዜማን በብራና ላይ በምልክት የጻፈ ሕዝብ፣ ኖታ ፊት ሲቀርብለት ሊደነግጥ አይገባውም። እንግዲህ በአንድ በኩል የድጓው ምልክት፣ በሌላ በኩል የአዝማሪው «ተቀበል» በእጃችን አሉ። የተጻፈውንና በቅጽበት የሚፈጠረውን የሚያዋሕድ ኳርቴት ከእኛ የሚርቅበት ምክንያት የለም።

ምቱም ቢሆን ይስማማል። ችክችካ የምንለው ምት ስድስቱን ምት አንዴ ለሁለት፣ አንዴ ለሦስት እየከፈለ እስክስታን ትከሻ ላይ የሚያወጣ ነው። የጃዝ ስዊንግም የሚራመደው ምቱን ለሦስት በመክፈል ነው። ቼሎው ክሩን በጣት እየነጠቀ የክራርን ድርደራ ቢይዝ፣ ሁለተኛው ቫዮሊን በደጋኑ እንጨት ክሩን እየመታ የከበሮን ቦታ ቢሸፍን፣ ቪዮላው በወፍራም ድምፁ አዝማሪው ቢሆን፣ አንደኛው ቫዮሊንም ተቀባይ ቢሆን፣ አራቱ ሰዎች አንድ ሙሉ የሠርግ ቤት ይሆናሉ።

ስለ ቅመማ ቅመም ሙዚቃ

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንመለስ፤ በሩን ለዘራፊ ወደሚከፍተው። እርሱ «ቅይጥ ሙዚቃ» እያለ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ምን ይመስላል? በማሽን የተቆለፈ ምት አለ፤ ከበላዩ ከአውሮፓ የመዝሙር መጽሐፍ የተወሰዱ ሦስት አራት ኮርዶች አሉ፤ ማሲንቆዋ በመካከል ለአፍታ ብቅ ብላ ትጮኽና ትጠፋለች። ይህ ውሕደት አይደለም። ማሲንቆዋ ምስክርነት እንድትሰጥ ተጠርታ እንድትናገር ያልተፈቀደላት ሰው ሆናለች።

ጥፋቱን በአንድ ምሳሌ እናሳይ። የአንቺሆዬን መነሻ ድምፅ ዶ ብንለው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ በግማሽ ርቀት ብቻ የሚበልጠው ነው፤ ከዚያ ፋ አለ፤ ከፋ በላይ እንደገና በግማሽ ርቀት የሚበልጥ ድምፅ አለ፤ መጨረሻው ላ ነው። ሚም ሶልም በዚህ ቅኝት ውስጥ የሉም። እንግዲህ ከሥሩ ዶ፣ ሚና ሶል የሚል ተራ ኮርድ የሚያነጥፍ ሰው፣ ቅኝቱ የማያውቃቸውን ሁለት ባዕዳን አምጥቶ በዙፋኑ ላይ አስቀምጧል ማለት ነው። አንቺሆዬ ያን ጊዜ ይሞታል፤ የሚቀረው ሬሳው ነው። ጥፋቱ የመዋሐዱ ሳይሆን ያለ ዕውቀት የመዋሐዱ ነው።

በዕውቀት የተዋሐደ ምን እንደሚመስል ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ አሳይቶናል። የጅማ ተወላጁ ሙላቱ በእንግሊዝ አገርና በቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ የመጀመሪያዎቹን አልበሞች፣ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን አሳተመ፤ በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣም አብሮት መድረክ ላይ ቆመ። ሙላቱ ደጋግሞ የሚናገረው አሥራ ሁለቱን ድምፆች በአምስቱ ላይ ሲያሳርፍ የቅኝቱ ቀለም እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ዋናው ሥራ መሆኑን ነው። የደራሼ ሕዝብ በዋሽንቶቹ የሚያሰማውን ድምፅም እያነሣ፣ ዓለም የረቀቀ የሚለው ነገር በገጠራችን ከጥንት የኖረ መሆኑን ይሞግታል። ግን ምን ሆነ? ብዙዎቻችን ዋጋውን ያወቅነው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ የሸክላ ተከታታይ አራተኛ ቅጹን ለእርሱ ከሰጠና በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሙዚቃው ከተሰማ በኋላ ነው። የራሳችንን ሰው በፈረንጅ መስተዋት ካላየነው አናውቀውም።

አሸናፊ ከበደንም እናስታውስ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበረው ይህ ምሁር የኢትዮጵያን የእረኛ ዋሽንት ዜማ ወደ ኦርኬስትራ አሻግሯል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም (እ.ኤ.አ. 1923–2023) በስዊዘርላንድ በልጅነታቸው የጀመሩት በቫዮሊን ነበር፤ በኋላ በፒያኖ የያሬድን ዜማና የአውሮፓን ክላሲክ፣ ሰሚው ጃዝ እስኪመስለው ድረስ፣ በአንድ ትንፋሽ አስተነፈሱት። መንገዱ ተቀይሷል፤ ቀያሾቹም የእኛው ናቸው። የጎደለው የሚሄድበት ሰው ነው።

ሌላው ዓለም ወዴት ደርሷል?

በጃዝ ውስጥ የክር ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በፓሪስ ስቴፋን ግራፔሊ በቫዮሊን፣ ጃንጎ ሬይንሃርት በጊታር ጃዝን በክር ብቻ አስጨፈሩት። ቻርሊ ፓርከር ከ1949 ጀምሮ ከክር ጓድ ጋር ቀረጸ፤ በዚያ ግን ክሮቹ የሳክስፎኑ ትራስ ከመሆን ብዙም አላለፉም። ስለዚህ የማሲንቆዋ ዕጣ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ማክስ ሮች በ1980ዎቹ የጃዝ ጓዱንና አንድ ስትሪንግ ኳርቴትን በእኩልነት አጣመረ። በ1985 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ተርትል አይላንድ ኳርቴት ደግሞ አራቱ ተጫዋቾች ራሳቸው በቅጽበት እንዲፈጥሩ አደረገ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ክሩ ትራስ ሲሆን ውሕደቱ ይሞታል፤ ክሩ ተናጋሪ ሲሆን ይነሣል።

አሁን ወደሚያስቆጨው ነገር ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው ክሮኖስ ኳርቴት፣ የቴሎኒየስ መንክን ጃዝ በአራት ክር መሣሪያዎች ያስቀረጸው ይኸው ጓድ፣ በ2009 ባወጣው አልበም ውስጥ የዓለሙ አጋን የበገና ሥራ ተጫውቷል። አሥር ክር ያላት፣ በእንዚራዋ የምታንጎራጉር በገና በኳርቴት ተናገረች። አሜሪካውያን አራት ሰዎች የበገናን ቃና ፈለጉ። ከእኛ ዘንድ ግን በመንግሥት በጀት የሚተዳደር፣ ይህን ሥራ ብሎ የሚነሣ ቋሚ ስትሪንግ ኳርቴት የት አለ? የያሬድ ትምህርት ቤት ቫዮሊኑንም፣ ማሲንቆውንም በአንድ ግቢ ያስተምራል። በአንድ ግቢ የሚማሩት ሁለቱ ተማሪዎች ከምረቃ በኋላ የሚገናኙበት ሥራ ከሌለ፣ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም።

«ሕዝቡ አይገባውም»

ከመከራከሪያዎቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። «ኳርቴትና ጃዝ ለተማረ ሰው ነው፤ የአውቶቡስ ተራ ሰው አይገባውም» ይባላል። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ በሕዝብ ስም የሚናገሩ መሆናቸው ነገሩን ያብሰዋል።

ቅኔ ሰምቶ ወርቁን የሚያወጣ ገበሬ፣ በለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ የጣለችውን ስንኝ ተቀብላ የምታዋድድ እናት፣ በፉከራ ውስጥ የተሸሸገውን ዘለፋ ለይቶ የሚያውቅ ጎልማሳ «አይገባውም» የሚባለው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው? የማይገባው ያልተሰጠውን ነው። መጽሐፍ ባልደረሰበት መንደር ማንበብ የሚወድ የለም ብሎ መፍረድ እንዴት ያለ ፍርድ ይሆናል? በቴአትር ሥራ የኖርን ሰዎች ይህን እናውቃለን፤ ተመልካች የሚያዛጋው ሲናቅ ነው እንጂ ከፍ ያለ ነገር ሲቀርብለት አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ሞተር በሚጮኽበት መናኸሪያ መካከል አራት ክር መሣሪያ አይሰማም። ይህን የተግባር ጥያቄ እንደ ሰበብ የሚያቀርብ ሰው መልሱን ይስማ። ከመናኸሪያው አካባቢ የአዲስ ከተማ ትምህርት ቤት አለ፤ ትምህርት ቤት አዳራሽ አለው፤ ቅዳሜና እሑድም ባዶ ነው። መንገደኛ የሚጠብቅበት መጠለያ አለ። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ የሚያርፍበት ሰዓትም አለ። ድምፅ ማጉያ የማስታወቂያና የሎተሪ ብቻ እንዲሆን የደነገገ ሕግ የለም። የፈለገ መንገድ ያገኛል፤ ያልፈለገ ሰበብ ያገኛል።

ምን ይደረግ?

ሙግት ያለ መፍትሔ ጩኸት ነው፤ ስለዚህ የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ።

1ኛ፤ አራት ደመወዝ። አንድ ቋሚ ኳርቴት ለመመሥረት የሚያስፈልገው ታላቅ ሕንጻ ሳይሆን የአራት ሰዎች የወር ደመወዝ፣ አንድ የመለማመጃ ክፍልና የክር መግዣ ነው። በየበዓሉ ለአንድ ቀን ተሰቅሎ በማግሥቱ ለሚቀደድ ጨርቅ የሚወጣው ገንዘብ ይታሰብ።

2ኛ፤ የመምህራን ልውውጥ። ቫዮሊን የሚማር ሁሉ ከአዝማሪ እግር ሥር ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀመጥ፤ ያለ ወረቀት መስማትንና «ተቀበል» ሲባል መመለስን ይማር። ማሲንቆ የሚማረውም ኖታ መጻፍንና ማቀናበርን ይማር። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ካላወቀ ውይይት የለም።

3ኛ፤ የተጻፈ ቅርስ። ለአቀናባሪዎቻችን ሥራ ይታዘዝ፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ የተጻፉ፣ በመካከላቸውም ለቅጽበታዊ ፈጠራ ስፍራ የተተወላቸው ኳርቴቶች ይታተሙ። የሰሜኑ አራት ቅኝቶች ብቻ የአገሪቱ ሙዚቃ እንደ ሆኑ መቁጠርም ይቅር፤ የደራሼው ዋሽንት፣ የዶርዜው የኅብር ዜማ ለአራት ድምፅ ጓድ የተፈጠሩ ያህል የቀረቡ ናቸው።

4ኛ፤ አውቶቡስ ተራ። ጓዱ በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ በአዲስ ከተማ ይጫወት፤ አዝማሪም እንግዳ ሆኖ ሳይሆን አምስተኛ አባል ሆኖ ይቀመጥ። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ባቲም፣ አምባሰልም ይሂድ፤ ቅኝቶቹን በተወለዱበት አገር ያስፈትን። እዚያ ያለፈ ሥራ በየትም ዓለም ያልፋል።

የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ከያኒው በዚህ ጉዳይ ላይ ተመልካች ሆነው ሊቀመጡ አይችሉም። የባህል ሠራተኛው በጀቱን ሲያዘጋጅ፣ መምህሩ ተማሪውን ሲመራ፣ ከያኒው የሚጫወተውን ሲመርጥ ፍርድ እየሰጡ ነው። ዝም ያለም ፈርዷል፤ የፈረደውም ለኪቦርዱና ለሦስቱ ኮርዶች ነው።

ሕዝብ «መርካቶ» የሚለውን ቃል ከወራሪ ነጥቆ የራሱ ሲያደርግ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። በርሜሉን ምድጃ፣ ሳክስፎኑን አርበኛ ሲያደርግም እንዲሁ። ቫዮሊኑ ተራውን እየጠበቀ ነው፤ ባዶ ክሮቹም ትዝታ ይላሉ። ስንኙ ተጥሏል፤ የሚቀረው የሚቀበል ነው።